የቅጥሩ በር በነሐሴ አይዘጋም

በመስከረም ወር አጋማሽ፣ «የውጭ ሀገር የእንግሊዝኛ መምህርነት ቅጥር ለዚህ ዓመት አብቅቷል» የሚል አንድ ጽሑፍ በድሬዳዋ መምህራን ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቶ ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም፤ አጻጻፋቸው ግን በሙያው ውስጥ ያሉ ሰው መሆናቸውን፣ ለወጣት ባልደረቦቻቸውም ማሰባቸውን ያሳያል። የሚሉትም በአጭሩ ይህ ነው። የውጭ ትምህርት ቤቶች መምህር የሚቀጥሩት ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ስለሆነ ነሐሴ ካለፈ በኋላ ማመልከት ድካም ብቻ ነው፤ በተለይ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ ሰው ከወቅቱ ውጭ ዕድል የሚባል የለም፤ በዚህ መካከል የሚሻለው በኢንተርኔት የሚሰጠውን የ120 ሰዓት የማስተማር ሰርተፊኬት መያዝ ሲሆን ሌላው ሰነድ ሥራው ከተገኘ በኋላ ይደርሳል፤ መታገስ ያቃተው በጉብኝት ቪዛ ዱባይ ገብቶ ማመልከቻውን በየትምህርት ቤቱ በር ያድል፤ ወይም ከወቅቱ ውጭ ቦታ ለሚያስገኝ ደላላ ይክፈል፣ አይቆጨውም።

እኔ በዚህችው ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር ቆይቼ፣ ሦስት ዓመት በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ሻርጃ ከተማ፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሠርቼ ተመልሻለሁ። የሄድኩትም ጽሑፉ «አብቅቷል» ባለው ጊዜ አመልክቼ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ወቅት የመጣልኝን ሌላ ሥራ ደግሞ በራሴ ስንፍና አጥቻለሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነጥብ የምሰጠው ምላሽ ከሁለቱም የተማርኩትን የያዘ ነው።

ስለ ወቅቱ የተባለው ከግማሹ በላይ እውነት እንደሆነ አስቀድሜ ልመን። የትምህርት ዘመናቸውን በነሐሴ መጨረሻ የሚጀምሩት በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ያሉ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ ትምህርት ቤቶች መምህራኖቻቸውን «ለከርሞ ትቀጥላላችሁ ወይ?» ብለው የሚጠይቁት በክረምታቸው ዕረፍት ግድም ነው፤ መልሱን ካገኙ በኋላ የጎደለውን ቆጥረው ማስታወቂያ ያወጣሉ፤ ስለዚህ የቅጥሩ ገበያ ከጥር እስከ ሚያዝያ ይደራል። ይህን ጸሐፊው በትክክል ገልጸውታል። ስህተቱ የአንድ አካባቢን፣ ያውም የአንድ ዓይነት ትምህርት ቤትን አቆጣጠር የዓለም ሁሉ አቆጣጠር አድርጎ ማቅረባቸው ላይ ነው።

እዚያው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ እንኳ የሕንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉት ትምህርት ቤቶች ዓመታቸውን የሚከፍቱት በእኛ መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ለእነሱ መምህር የመፈለጊያው ጊዜ እኛ ገናንና ጥምቀትን የምናከብርበት ወቅት ነው ማለት ነው፤ እኔንም የቀጠረኝ ከእነዚህ አንዱ ነው። ታይላንድ የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት በግንቦት፣ ሁለተኛውን በጥቅምት መጨረሻ ትጀምራለች፤ በሁለቱ መካከል ባለው የዕረፍት ጊዜ ሥራቸውን የሚለቁ መምህራን ስለሚኖሩ በመስከረምና በጥቅምት የሚወጣው ማስታወቂያ ጥቂት አይደለም። የጃፓን የትምህርት ዘመን በመጋቢት መጨረሻ ይገባል። የቻይና ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከጨረቃ አዲስ ዓመታቸው በኋላ፣ በየካቲት ግድም ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ትምህርት የምትጀምረው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ከምድር ወገብ በታች ያሉት ብራዚል፣ ቺሊና አርጀንቲና ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ግድም ይጀምራሉ። ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጭ ያሉት የቋንቋ ማዕከላት፣ ለምሳሌ በቬትናም ከተሞች በብዛት የሚገኙት፣ ተማሪ በመዘገቡ ቁጥር አዲስ ክፍል ስለሚከፍቱ ዓመቱን ሙሉ መምህር ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ በእኛ ወራት ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው፣ አንዱ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሌላው ሲሞቅ በዓይኑ ያያል።

ሁለተኛው ምክንያት በትምህርት ዘመኑ መካከል በድንገት የሚከፈተው ቦታ ነው። በኤምሬቶች የሠራተኛ ሕግ መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ሊደርስ ይችላል። በነሐሴ የገባ መምህር እስከ ጥር አካባቢ ድረስ ገና በሙከራ ላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሀገሩን ለቅቆ መሄድ ከፈለገ ሕጉ የሚጠይቀው የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ሙቀቱን ያልቻለ፣ ደመወዙ እንዳሰበው ያልሆነለት፣ ቤተሰቡን ትቶ መኖር የከበደው ሁሉ በነዚህ ወራት ይለቃል። በታኅሣሥ ዕረፍት ወደ ሀገሩ ሄዶ በዚያው የቀረ መምህር እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤትም አጋጥሟል። የወሊድ ፈቃድ የሚወጡ መምህርት፣ ቪዛው ውድቅ የተደረገበት ተቀጣሪ፣ ከታሰበው በላይ ተማሪ ተመዝግቦ የተጨመረ ክፍል፣ እነዚህ ሁሉ ወቅት አይጠብቁም። የክፍሉ ልጆች ያለ መምህር ስለማይቀመጡ ርዕሰ መምህሩ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰው ማግኘት ግድ ይሆንበታል።

ይህ ጥድፊያ ግን ለእኛ ፈተናም ነው። በድሬዳዋ በግል ትምህርት ቤት የሚሠራ መምህር በሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት ሥራውን ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የሚፈልገው ትምህርት ቤት መምህሩን በ14 ቀን አጥቷል፤ እኛ ደግሞ መልቀቂያ ለማግኘት ብቻ 30 ቀን እንፈልጋለን። ከወቅቱ ውጭ የሚከፈተው ቦታ ብዙውን ጊዜ እዚያው ሀገር ውስጥ ላለ ሰው የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው «ዕድል የለም» ከማለት ይልቅ ይህን ቢያስረዱ ኖሮ አንባቢው ምን ማሳጠር እንደሚችልና ምን ማሳጠር እንደማይችል ይለይ ነበር። የ30 ቀኑን ማሳጠር አንችልም። የሰነዱን ጊዜ ግን እንችላለን፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አፍ መፍቻ ቋንቋን በተመለከተ የተጻፈው ሁሉንም ሀገር በአንድ ከረጢት የከተተ ነው። ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ቪዛ፣ እንግሊዝኛን በሚመለከት፣ በመሠረቱ ለሰባት ሀገሮች ዜጎች የተወሰነ ነው፤ እነሱም አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ኢትዮጵያዊ በጥርም አመለከተ በጥቅምት ለውጥ የለውም። ቻይናም ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሥራ ፈቃድ ስትሰጥ በጥቅሉ የምትፈልገው ቋንቋው አፍ መፍቻ ከሆነበት ሀገር የመጣ ሰው ነው። ጃፓን በትምህርት ቤቶቿ የውጭ ቋንቋ ለሚያስተምር ሰው የ12 ዓመት ትምህርቱን በዚያ ቋንቋ መማሩን ትጠይቃለች፤ በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ለተማርን ሰዎች ይህ አይሞላም። በእነዚህ ሀገሮች ላይ ጊዜና ገንዘብ ማባከን አይገባም፤ ጸሐፊው ይህን በስም ዘርዝረው ቢያስጠነቅቁ ኖሮ ትልቅ ውለታ በሆነ ነበር።

ታይላንድ ግን ከሌላ ሀገር የመጣ አመልካች የመጀመሪያ ዲግሪና የታወቀ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ካቀረበ ታስተናግዳለች፤ በትምህርት ቤቶቿ የፊሊፒንስና የካሜሩን መምህራን በብዛት የሚገኙትም ስለዚህ ነው። በኤምሬቶች የግል ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት በጣም ብዙዎቹ ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከግብፅና ከዮርዳኖስ የሄዱ ናቸው። እነሱ የተቀጠሩት ልምዳቸውን በሰነድ ማሳየት ስለቻሉ ነው። እኛም የምናሳየው አለን። በአንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ሶማሊኛ የሚናገር፣ አማርኛ የሚናገር፣ ሐረር ላይ ከሆነ ደግሞ ሐረሪኛ የሚናገር ልጅ ጎን ለጎን አስቀምጦ እንግሊዝኛ ማስተማር ቀላል ልምድ አይደለም። የሻርጃው ቃለ መጠይቅ ላይ ከዲግሪዬ ይልቅ ረጅም ጊዜ የወሰደው ስለዚህ ክፍል የቀረበልኝ ጥያቄ ነበር፤ የሚቀበሉኝ ተማሪዎችም እንዲሁ ከብዙ ቋንቋ የመጡ ነበሩና። ይህን ማመልከቻው ላይ በግልጽ የሚጽፍ የድሬዳዋ መምህር ግን እስካሁን አላየሁም።

ስለ ሰርተፊኬቱ ብዙ አልልም። የ120 ሰዓቱ የኢንተርኔት ትምህርት ቬትናምን ለመሰለ ሀገር የሥራ ፈቃድ ማሟያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ ሰው ፊት ቆሞ የማስተማር ልምምድ የሌለበት ከሆነ ግን ብዙ ቀጣሪ ትልቅ ግምት አይሰጠውም። ሴልታ የሚባለው የኬምብሪጅ ኮርስ ከእሱ የሚለየው፣ ከ120 ሰዓት በማያንሰው ትምህርቱ ውስጥ ስድስት ሰዓት በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት የሚገመገም ማስተማር ስላለበት ነው። በሙያው ዓመታት ለቆየና በዲግሪው እንግሊዝኛ ማስተማርን ላጠና ሰው ሁለቱም ቢሆኑ ከሰነዶቹ አይቀድሙም።

ጽሑፉ እጅግ ያሳዘነኝ «ሌላው ሰነድ ሥራው ሲገኝ ይደርሳል» ባለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኔን የጎዳኝም በትክክል ይህ አስተሳሰብ ነበርና። በአንድ ኅዳር ወር፣ ከሻርጃው ሥራ በፊት፣ ከሌላ ትምህርት ቤት የቅጥር ደብዳቤ ደረሰኝ። እጄ ላይ የነበረው ቴምፖራሪ የሚባለው ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ ብቻ ነበር። ኦሪጅናል ዲግሪዬን ለማውጣት የወጪ መጋራት ግዴታዬን በመምህርነት አገልግሎት መፈጸሜን የሚያሳይ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ ያን ደብዳቤ ለዓመታት «ነገ» እያልኩ ሳላወጣው ቀርቻለሁ። ደብዳቤው፣ ከዚያ ዲግሪው፣ ከዚያ ማረጋገጫው እየተባለ ሳምንታት ሲቆጠሩ ትምህርት ቤቱ በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ ቦታውን ለሌላ ሰጠ። ጥፋቱ የወቅቱ አልነበረም።

አሁን በዚህ ወር ላይ ያለ መምህር ምን ሊሠራ እንደሚችል በቅደም ተከተል ላስረዳ። ኦሪጅናል ዲግሪውና የውጤት መግለጫው ከዩኒቨርሲቲው ከወጣ በኋላ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መረጋገጥ፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀርቦ ማህተም ማግኘት፣ በመጨረሻም የሚሄዱበት ሀገር ኤምባሲ ዘንድ መቅረብ አለበት። አንዱ ሳይፈጸም ቀጣዩ አይቀበልም፤ የኤምባሲው ሥራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባን ይጠይቃል፤ ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው እያንዳንዱ ጉዞ የሥራ ቀን የሚበላ ስለሆነ የመንፈቀ ዓመቱን ዕረፍት ወይም የበዓል ቀናትን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። የመጨረሻው የኤምባሲ ማህተም ሀገሩ እስኪታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርከኖች ለማቆየት ግን አንድም ምክንያት የለም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ፣ ያስተማሩትን ክፍልና የትምህርት ዓይነት ዘርዝሮ፣ ከትክክለኛ ቀናት ጋር መውጣት አለበት፤ «መልካም ሠራተኛ ነበሩ» የሚል ባለ ሁለት መስመር ወረቀት ለውጭ ቀጣሪ ምንም አይነግረውም። አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ ሳይዘገዩም ሳይቸኩሉም መፈተን ነው። ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳየው የፖሊስ ማስረጃ ደግሞ ቶሎ ስለሚያረጅ መጨረሻ ላይ ይወጣል።

በእኛ አካባቢ ለብቻው ሊነሳ የሚገባው የስም ጉዳይ ነው። ሙሐመድ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ቢያንስ በአራት መንገድ ተጽፎ አይቻለሁ፤ የአንድ ሰው ዲግሪ በአንዱ፣ ፓስፖርቱ በሌላው፣ የልምድ ደብዳቤው በሦስተኛው ይጻፋል። አሚናት፣ አብዱራህማን፣ ዮሐንስ፣ ጸጋዬ የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። እኛ አንድ ስም መሆኑን እናውቃለን፤ የውጭ ሀገር ጸሐፊ ግን ሁለት ሰው ነው ብሎ ሰነዱን ይመልሰዋል። የልደት ቀን ሲሰላም ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲዞር የሚፈጠረው የአንድ ዓመት ወይም የጥቂት ቀናት ልዩነት ተመሳሳይ መዘዝ አለው። ሰነዶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፊደል በፊደል ማመሳከር የአንድ ማታ ሥራ ነው፤ ስህተቱን ማስታረም ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ የሚጀመረው ዛሬ ነው። ጸሐፊው «አትድከሙ» ባሉት ጊዜ የሚሠራው ዋናው ሥራ ይህ ነው።

ለቃለ መጠይቅም ዝግጅት ያስፈልጋል። ባንኮክና ሃኖይ ከእኛ አራት ሰዓት ይቀድማሉ፤ እዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተያዘ ቀጠሮ ለድሬዳዋ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች አጭር የማስተማሪያ ቪዲዮም ይጠይቃሉ። ይህን አስቀድሞ ቀርጾ ማስቀመጥ፣ ጥያቄው ሲመጣ መብራትና ኔትወርክ ከመለመን ያድናል።

በጉብኝት ቪዛ ስለመሄድ የተሰጠው ምክር አደገኛ ስለሆነ በለዘብታ ላልፈው አልችልም። በኤምሬቶች በጉብኝት ቪዛ መሥራት ሕገ ወጥ ነው፤ ቀኑ ካለፈ በእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል። ዲግሪው ያልተረጋገጠ መምህር ደግሞ ቢወደድ እንኳ ሊቀጠር ስለማይችል፣ ሰነዱን ከዚያ ሆኖ አዲስ አበባ ለማስጨረስ ሲሞክር ቀኑ ያልቅበታል። አንዲት ባልደረባዬ በዚህ መንገድ ሄዳ፣ ገንዘቧ ሲያልቅ ያለ ውል ሱቅ ውስጥ ስትሠራ አግኝቻታለሁ፤ ስድስት ዓመት ያስተማረች፣ ተማሪዎቿ የሚወዷት መምህርት ነበረች። እዚያው ሄዶ መፈለግ የግድ የሆነበት ሰው ሕጋዊ አማራጭ አለው፤ ኤምሬቶች ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ባለሙያዎች ያለ ጋባዥ የሚሰጥ፣ የ60፣ የ90 ወይም የ120 ቀን የሥራ መፈለጊያ ቪዛ አላቸው። መያዣ ገንዘብና የተረጋገጠ ዲግሪ ይጠይቃል። ለዚህም ቢሆን መነሻው ያው ሰነዱ ነው።

ለደላላ መክፈልን በተመለከተ ሕጉ ራሱ መልስ ሰጥቷል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተሻሻለው፣ የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው፤ ሠራተኛው የሚሸፍነው የፓስፖርትን፣ የሕክምና ምርመራን፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃንና እነዚህን የመሰሉ የግል ወጪዎች ነው። አዋጁ ከቤት ሠራተኝነት ውጭ ላለ ሥራ በራሱ ጥረት ቀጣሪ ያገኘ ሰው፣ ሚኒስቴሩ ሲፈቅድለት፣ በቀጥታ እንዲቀጠርም በር ከፍቷል። የኤምሬቶች ሕግም አሠሪ የምልመላ ወጪን ከሠራተኛው እንዳይወስድ ይከለክላል። ስለዚህ በሁለቱም ሀገር ሕግ መምህሩ ሊከፍለው የማይገባውን ገንዘብ «አይቆጭም» ብሎ መምከር አይቻልም። ከወቅቱ ውጭ ቦታ በእጁ ያለው ትምህርት ቤቱ እንጂ ደላላው አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ የሥራ ማስታወቂያ ገጽም ለሁሉም ክፍት ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ትተናቸው የምንሄደው ልጆች። ሻርጃ ላይ መምህር በድንገት ሲጠፋ ክፍሉ የሚሆነውን ካየሁ በኋላ፣ እዚህ ያለው ክፍል ላይ ያንኑ ማድረግ ከበደኝ። በዚህ ረገድ የእኛ አቆጣጠር ያግዛል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በጥር ያበቃል፤ የሕንድ ሥርዓተ ትምህርት ትምህርት ቤቶች ደግሞ በመጋቢት መጨረሻ ይጀምራሉ። በመስከረምና በጥቅምት ሰነዱን ያስጨረሰ፣ በኅዳር ማመልከት የጀመረ፣ ውሉን ፈርሞ በታኅሣሥ መጨረሻ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያውን ያስገባ መምህር የጥሩን ፈተና አርሞ፣ ውጤቱን ሞልቶ፣ ክፍሉን ለተተኪው በቀን ብርሃን አስረክቦ፣ የካቲትን ለኤምባሲና ለቪዛ ሊጠቀምበት ይችላል። እኔም የሄድኩት እንደዚህ ነበር፤ የተካኝ መምህር ዛሬም እዚያው ክፍል ውስጥ ያስተምራል።